‹‹ጃኬቱ ያፈሳል፤ ግን ለእናትህ እንዳትነግራት››

ስምንት ዓመት የሞላው ልጄ ምስጢር መጠበቅ አይሆንለትም። የልደት ስጦታ ገዝተን ብንደብቅ ባለልደቱ ሳይመሽ ይሰማል። ባለፈው ነሐሴ ግን አንድ ምስጢር ሦስት ሳምንት ሙሉ ይዞ ከረመ። ያመለጠውም ሐዋሳ ያለውን አባቴን በስልክ ‹‹አባዬ፣ ሳሉ እንዴት ሆነልህ?›› ስለው አጠገቤ ቆሞ ሲሰማ ነው። ስልኩን እንደዘጋሁ ‹‹እማዬ፣ አባባ የታመመው በአንቺ ጃኬት ነው እኮ›› አለኝ። ‹‹ያፈሳል። ግን ለእናትህ እንዳትነግራት ብሎኛል።››

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አባቴ ጎጃም ተወልዶ፣ በሃያዎቹ ዕድሜው የፊዚክስ መምህር ሆኖ ሐዋሳ ተመድቦ፣ እዚያው የቀረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው አሳ ማጥመድ ሆኗል። ለገበያ አይደለም። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ከሚያውቀው ባለጀልባ ጋር ሐይቁ ላይ ይወጣል፤ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ይዞ ይመለሳል፤ ግማሹን ለጎረቤት ይሰጣል። አስም አለበት። እናቴ ካረፈች በኋላ ያ ሐይቅ ባይኖረው ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ። ስለዚህ ልጄ ክረምት ላይ ሐዋሳ ሲሄድ ከአያቱ ጋር ጀልባ መውጣቱን ከልክዬ አላውቅም።

አምና በልደቱ ጃኬት ገዛሁለት። ቦሌ ካለ ሱቅ፣ በ6,500 ብር። ጥቁር ሰማያዊ፣ ቀጭን፣ ሲነኩት ለስለስ የሚል፣ ደረቱ ላይ ትንሽ የተራራ ምስል ያለው። መለያው ላይ ‹‹ዋተር ሪዚስታንት›› ተብሎ ተጽፏል። እውነቱን ለመናገር ለዓመታት ሲለብሳት የኖረችው ቢጫ የላስቲክ ካፖርት ታሳፍረኝ ነበር። የአሳ ሽታ አላት፣ ክርኗ ላይ ተለጥፋለች፣ ስትታጠፍ ትንኳኳለች። አዲሱን ሲለብስ ፎቶ አነሳሁት፤ ለጓደኞቼም ላክሁ።

በሐምሌ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አባቴ፣ ልጄና ባለጀልባው ወጡ። ሐዋሳ ላይ የክረምት ዝናብ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። ጠዋቱ ብራ ሆኖ፣ ሙቀቱ ጃኬት የሚያስወልቅ ሆኖ፣ ድንገት ነፋሱ ዞር ሲል ሰማዩ ይጠቁራል። ያን ቀን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መሐል ሐይቅ ላይ ያዛቸው። አባቴ ከልማዱ የማትለየውን ቢጫ ካፖርት ከመቀመጫው ሥር አውጥቶ ልጁን ጠቀለለበት፤ እጅጌዋን ሦስት ጊዜ አጥፎለት። እሱ በእኔ ጃኬት ቀረ። ልጄ እንደነገረኝ ዳርቻው ጋ እስኪደርሱ ‹‹ብዙ፣ ብዙ›› ቆይተዋል፤ ባለጀልባውን ስጠይቀው አርባ ደቂቃ ያህል ነበር አለኝ። ትከሻው በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ረጠበ። ሲወርዱ ጃኬቱን አውልቆ እንደ ፎጣ ጨመቀው። በማግስቱ አስሙ ተነሥቶበት አንድ ሌሊት ሐኪም ቤት አደረ። ለእኔ ግን ‹‹ትንሽ ጉንፋን ናት›› ነበር ያለኝ።

የተናደድኩት በራሴ ነው። ሙያዬ ማርኬቲንግ ነው። የዕቃ መለያ ላይ ምን ቃል እንደሚጻፍ፣ የትኛው ቃል እንደሚቀር የሚወሰንበት ስብሰባ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። ‹‹የሚቋቋም›› የሚለውን ቃል እኔ ራሴ ለሌላ ዕቃ መርጬዋለሁ፤ የመረጥኩትም ምንም ቃል ስለማያስገባን ነው። ‹‹ውሃ የሚቋቋም›› ማለት ለጥቂት ጊዜ ያንከባልለዋል ማለት ነው፤ ከመኪና ወርዶ ቢሮ እስኪገቡ። ‹‹ውሃ የማያስገባ›› ሌላ ነገር ነው። በእንግሊዝኛው ‹‹ዋተርፕሩፍ›› ይባላል። ልዩነቱን አውቄ፣ ለአባቴ ስገዛ ግን የተራራውን ምስል አየሁ።

እናም ካለፈው መስከረም ጀምሮ እንደ ፈተና አጠናሁት። ክረምቱ ደጃችን ላይ ነው። ዝዋይም፣ ላንጋኖም፣ ባቦጋያም፣ አርባ ምንጭም ከቤተሰብ ጋር ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ ስህተቴን አትድገሙት።

ለሞቃት አገር የሚሆን የዝናብ ልብስ መምረጥ ለብርድ አገር ከመምረጥ ይከብዳል። ለምን እንደሆነ ያስረዳኝ አባቴ ነው። ስልክ ላይ እንደ ድሮው የክፍል ተማሪ አድርጎ አስቀመጠኝ። ‹‹ውሃ ማስቆምማ ቀላል ነው፤ ፌስታልም ያስቆማል›› አለኝ። ‹‹ጭንቁ ላብሽ ወዴት ይሂድ ነው።›› እጅና እግርህ እየሠራ፣ ፀሐይ ገና ከደመናው ሥር እያለች በፌስታል ብትጠቀለል፣ ዝናቡ ባያረጥብህ ላብህ ያረጥብሃል። ከዚያ ነፋስ ሲመጣ እርጥቡ ልብስ ሙቀትህን ይወስደዋል። ለዚህ ነው ሰው በሃያ አምስት ዲግሪ ቀን ውስጥ ሊንቀጠቀጥ የሚችለው። መርጠቡ ከውጭም ይምጣ ከውስጥ፣ ለደረት ያው ነው።

ገበያ ላይ ያለው በሦስት ቤተሰብ ይከፈላል ማለት ይቻላል።

አንደኛው የላስቲኩ ወገን ነው፤ ፒቪሲ የሚባለው። የአባቴ ቢጫ ካፖርት ከዚህ ነው። ውሃ በጭራሽ አያሳልፍም። ስፌቱ ብዙ ጊዜ በክር ሳይሆን በሙቀት ስለሚበየድ በመርፌ ቀዳዳ የሚገባ ነገር የለም። የአሳ ደምና ቅርፊት በውሃ ሲያፈሱበት ይለቃል። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። ጥፋቱ ከባድነቱና ማፈኑ ነው፤ ትንፋሽ አይሰጥም።

ሁለተኛው ከውስጥ በኩል ፖሊዩሪቴን የተቀባ ናይለን ወይም ፖሊስተር ነው። ቀለል ይላል፣ ትንሽ ይተነፍሳል፣ ዋጋው መሐል ላይ ነው። ዕድሜው ግን ውስጥ ባለው ቅብ ዕድሜ ይለካል። ቅቡ ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ሲያገኙት ይበላሻል፤ መጀመሪያ ይጣበቃል፣ ቀጥሎ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ ይወርዳል። እርጥብ ጃኬት አጣጥፋችሁ የመኪና ኮፈን ውስጥ ክረምቱን ሙሉ ብትተዉት የሚሆነው ይህ ነው።

ሦስተኛው ስስ ሽፋን በሁለት ጨርቅ መሐል የተጣበቀበት ነው። ስሙ በጣም የታወቀው ጎርቴክስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ቦብ ጎር የተባለ አሜሪካዊ አንድ የፕላስቲክ ዓይነት በኃይል ሲወጠር ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች እንደሚሞላ ካገኘ በኋላ የመጣ ነው። ቀዳዳዎቹ ለውሃ ጠብታ ጠባብ፣ ለላብ እንፋሎት ግን ሰፊ ናቸው። ሐሳቡ ግሩም ነው። ዋጋውም እንደዚያው።

እዚህ ላይ ብዙ ሻጮች የማይነግሯችሁ ነገር አለ። ያ እንፋሎት ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄደው ውስጡ ከውጭው የበለጠ ሞቃትና እርጥብ ሲሆን ነው። ተራራ ላይ፣ ውጭው ቀዝቃዛና ደረቅ ሲሆን በደንብ ይሠራል። ሐይቅ ላይ፣ ሞቃት ቀን፣ ዝናብ እየወረደ፣ አየሩ በውሃ ተሞልቶ ሲያበቃ የሚገፋው ኃይል ይደክማል። በዚያ ላይ የውጪው ጨርቅ ውሃ ጠጥቶ ከከበደ እንፋሎቱ መውጫውን ያጣል። ስለዚህ ለሞቃት ዝናብ ትልቁን ገንዘብ ለውድ ሽፋን ከማውጣት ይልቅ አየር የሚያስገባ አሠራር መፈለግ ይሻላል። ብብት ሥር የሚከፈት ዚፕ፣ ጀርባ ላይ በክዳን የተሸፈነ መተንፈሻ፣ ሰፋ ያለ ቁመና። ጃኬቱ ገላ ላይ ከተለጠፈ የትኛውም ቴክኖሎጂ አያድናችሁም።

ይህን ሳወራለት አባቴ ሳቀ። ‹‹ታዲያ ገሳ ነው የምትፈልጊው።›› ልጅ ሆኖ ከብት ሲጠብቅ የሚለብሳት፣ ከሣር ወይም ከደንገል ተጎንጉና ከራስ እስከ ጉልበት የምትወርደው ገሳ። ውሃው በሣሩ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል፤ ከሥር ክፍት ስለሆነች አየሩ እንደልቡ ይመላለሳል። ቻርልስ ማኪንቶሽ የሚባለው ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1823 ጎማ የተቀባ ጨርቁን በስሙ ካስመዘገበ በኋላ ከቀረቡበት ስሞታዎች አንዱ ማፈኑ ነበር። የጎጃም እረኛ ያ ችግር አልነበረበትም። ብቻ ገሳ ለብሶ የአሳ ዘንግ መወርወር አይቻልም።

ወደ ቁጥሮቹ እንምጣ፤ የሚያደናግሩት እነሱ ናቸው። መለያ ላይ ‹‹10,000 ሚሜ›› የሚል ነገር ታያላችሁ። ጨርቁ ላይ ቱቦ አቁመን ውሃ ብንሞላ፣ ማፍሰስ ከመጀመሩ በፊት የሚሸከመው የውሃ ቁመት ማለት ነው፤ 10,000 ሚሊ ሜትር አሥር ሜትር ነው። ዝናብ ብቻውን ያን ያህል አይገፋም። የሚገፋው ሰው ነው። ርጥብ የጀልባ አግዳሚ ላይ ስትቀመጡ ክብደታችሁ ውሃውን በጨርቁ በኩል ያስገባዋል፤ ስትንበረከኩም እንዲሁ፤ የቦርሳ ማንገቻም ትከሻ ላይ ይህንኑ ያደርጋል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ጃኬቱን አጥብቆ መርምሮ ሱሪውን በዘፈቀደ ሲገዛ ይገርመኛል። ጀልባ ላይ ከጃኬቱ ይልቅ ሱሪው ነው ከፍ ያለ ቁጥር የሚያስፈልገው። እኔ ለጃኬት 10,000 በቂ ነው ብዬ ወስኛለሁ፤ ለሱሪ ግን ከዚያ በላይ ወይም ያው ላስቲኩ።

ሌላው ቁጥር የመተንፈስ ነው፤ በቀን በአንድ ካሬ ሜትር ስንት ግራም እንፋሎት እንደሚያሳልፍ። ይህን የሚለኩበት መንገድ ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው ስለሚለያይ የሁለት ድርጅቶችን ቁጥር ጎን ለጎን አድርጎ ማወዳደር ዋጋ የለውም። የማርኬቲንግ ሰው ስለሆንኩ ይህ ቁጥር ለምን በትልቁ እንደሚጻፍ ይገባኛል።

ከቁጥሩ በላይ የማምነው ስፌቱን ነው። ጃኬቱን ገልብጡት። ውሃ የማያስገባ ጃኬት ስፌቱ ሁሉ ከውስጥ በኩል በቀጭን ፕላስቲክ ነገር ተለጥፎ ታገኙታላችሁ፤ ትከሻው ብቻ ሳይሆን ብብቱም፣ የኮፍያው መጋጠሚያም፣ ኪሱም። ይህ ከሌለ ጨርቁ የፈለገውን ያህል ቢመሰገን መርፌው የበሳው ቀዳዳ ሁሉ በር ነው። የእኔ ሰማያዊ ጃኬት ገበር ነበረው፤ ገበሩ ስፌቱን ስለሸፈነው አላየሁትም። በኋላ በምላጭ ተርትሬ ሳየው አንድም የተለጠፈ ስፌት አልነበረበትም።

ቀጥሎ እጅጌ። ይህ የአሳ አጥማጅ ነገር ነው። መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው እጁ ወደታች ስለሆነ ውሃው በጣቱ ይወርዳል። ዘንግ የያዘ ሰው ግን እጁ ወደ ላይ ነው፤ ውሃው በዘንጉና በአንጓው በኩል ገብቶ ክርን ላይ ይጠራቀማል። አባቴ ‹‹ጃኬቴ ዝናብ በእጅጌ ነው የሚጠጣው›› የሚለው ለዚህ ነው። ከውጪው እጅጌ ውስጥ ሌላ የሚለጠጥ ጠባብ እጅጌ ያለው ወይም አንጓ ላይ በተለጣፊ ጥብቅ ተደርጎ የሚታሰር ይፈልጋል። ኮፍያውም አንገት ሲዞር አብሮ መዞር አለበት። ዱላ ቀረሽ ክርክር ያደረግሁት በዚህ ነው። ሻጩ ‹‹ኮፍያው ሰፊ ነው፣ ምቹ ነው›› ይለኛል፤ ወደ ግራ ስዞር የማየው የኮፍያውን ውስጥ ነው። ጀልባ ላይ ጎንህን አለማየት አደጋ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ጉማሬ እንዳለም አትርሱ።

ዚፑ ወፍራም የፕላስቲክ ጥርስ ያለው ይሁን፤ ብረቱ ይዝጋል፤ ስሱ ደግሞ አሸዋ ሲገባው ይነክሳል። በላዩ የሚሸፍነው ክዳን ይኑረው። የጨርቁን ውፍረት በጣታችሁ ፈትኑ፤ መንጠቆ፣ የአምባዛ ክንፍ እሾህና የጀልባ ሚስማር ያለበት ቦታ ነውና ለሯጭ ተብሎ የተሠራ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ጃኬት አንድ ክረምት አይቆይም።

ቀለም ላይ ከአባቴ ጋር አልተስማማንም። ብርቱካናማ ይሁን አልኩት። ‹‹አሳው ያየኛል›› አለኝ። ‹‹እኔም እንዳይህ ነው›› አልኩት። ጥቁር ሰማያዊና አረንጓዴ ልብስ የለበሰ ሰው ውሃ ላይ በዝናብ ውስጥ ይጠፋል። ይህኛውን ክርክር አሸነፍኩ።

አሁን ሱቅ ውስጥ የማደርገውን ልንገራችሁ። ሻጮች ይሥቁብኛል፤ ግድ የለኝም። ጃኬቱን ከውስጥ በኩል አፌ ላይ ገጥሜ አጥብቄ እተነፍሳለሁ። አየሩ በሌላው ጎን እንደልቡ ከወጣ ያ ጨርቅ ዝናብ አያቆምም፤ መለያው ምንም ቢል። ቀጥሎ ከያዝኩት የውሃ ጠርሙስ ላዩ ላይ ጥቂት አፍስሼ፣ ከሥር በነጭ ሶፍት ደግፌ፣ በአውራ ጣቴ ለአንድ ደቂቃ ያህል እጫነዋለሁ። ሶፍቱ ከረጠበ መልሼ እሰቅላለሁ። ውሃው ተንከባሎ መውረዱ ብቻ አያሳምነኝም፤ ያ የውጪው ቅብ ነው፤ አዲስ ሲሆን ሁሉም ያንከባልላል።

ሳልቫጅ ለምትወዱ (እኔም አንዷ ነኝ) አንድ ማሳሰቢያ። ከመርካቶ ቦንዳ ውስጥ ስመ ጥር የአሳ አጥማጅና የመርከበኛ ጃኬት በርካሽ ይወጣል፤ ዓይናችሁ ግን ከስሙ ላይ ይነሣ። ውስጡን ዳብሱት። ከጣት ጋር የሚጣበቅ ወይም ነጭ ፍርፋሪ የሚያራግፍ ከሆነ ቅቡ ሞቷል፤ ማንም አያድነውም። የስፌቱ ልጣፍ ጠርዙ ከተነሣም እንዲሁ። እነዚህ ደህና ከሆኑና ውሃው ብቻ አልንከባለል ካለ ግን ግዙት፤ እሱ ይታደሳል።

እንዴት እንደሚታደስ? በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በለብታ ውሃ እጠቡት፣ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። የልብስ ማለስለሻ ፈጽሞ አታስነኩት፤ የውጪውን ቅብ የሚገድል እሱ ነው። በረኪናም አይሆንም። ከዚያ መለያው ማሞቅ የሚፈቅድ ከሆነ በዝቅተኛ ሙቀት በማድረቂያ ወይም ስስ ጨርቅ አልብሳችሁ በለዘብተኛ ካውያ ብታልፉበት የደከመው ቅብ ይነቃል። ካልነቃ የሚረጭ ማደሻ አለ። ስትገዙት ከ‹‹ፒፋስ›› ነፃ የሚለውን ምረጡ፤ ይህ የኬሚካል ቤተሰብ በአካባቢ ውስጥ ስለማይበሰብስ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2025 መግቢያ ጀምሮ ሆን ተብሎ የተጨመረበትን ልብስ መሸጥ ከልክላለች፤ ጎርቴክስም ያለ እሱ የተሠራ አዲስ ሽፋን አውጥቷል። ላስቲኩ ፒቪሲ ከሆነ ደግሞ መታጠብና ጥላ ሥር ተሰቅሎ መድረቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ቢቀደድ ወደ ጎሚስታ አትሩጡ። የጎማ ማስቲሽ ፒቪሲ ላይ አይጸናም፤ ለፒቪሲ የተሠራ ማጣበቂያና ከዚያው ዓይነት ቁራጭ ያስፈልጋል። የአባቴ ካፖርት ክርን አራት ጊዜ የተለጠፈው ለዚህ ኖሯል።

ከሥር ስለሚለበሰው ባጭሩ፤ ጥጥ አይሁን። ካናቴራና ጂንስ አንዴ ውሃ ከጠጡ ቀኑን ሙሉ አይለቁም። ቶሎ የሚደርቅ የስፖርት ማልያና ቀላል ሱሪ ይበቃል። ባለማሰሪያ ሰንደል ከቦቲ ይሻላል፤ ጀልባ ላይ ረጅም ቦቲ ውሃ ከገባው በኋላ ለመዋኘት ያስቸግራል። ቅያሪ ልብስ በሁለት ፌስታል ጥብቅ ተደርጎ፣ ሻይ በፔርሙዝ። ፖንቾ ዳርቻ ላይ ለቆመ ሰው ደስ ይላል፤ ጀልባ ላይ ግን ነፋሱ እንደ ሸራ ይነፋዋል፤ እጅንም ያስራል። ጃንጥላን አላነሣም።

አሁን ወደማልፈልገው ነገር ልምጣ። ያን ቀን ጀልባዋ ላይ ሁለት የሕይወት አድን ጃኬቶች ነበሩ። ሁለቱም መቀመጫ ሥር። ይህን ያወቅሁት ልጄን ‹‹ከካፖርቷ በላይ ምን ለበስክ?›› ብዬ ስጠይቀው ነው። ለባለጀልባው ደውዬ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ እሱም ‹‹እህቴ፣ መምህር እምቢ አሉኝ›› አለኝ። አባቴን ደግሞ ያን ያህል ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም። ዝም ብሎ ሰማኝ። በመጨረሻ ‹‹ልክ ነሽ›› አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስምምነታችን ይህ ነው። የሕይወት አድን ጃኬቱ ከዝናብ ልብሱ በላይ ይለበሳል፣ ከሥር አይሆንም፣ ከዳርቻው ሳይነሡ ይታሠራል። ለልጅ በክብደቱ ልክ ይገዛል። ለብሶ ከቆመ በኋላ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ አገጩን አልፎ ጆሮው ጋ ከደረሰ ሰፍቶታል። የዝናብ ልብስ ስትለኩም ሁለቱን ደርባችሁ ለኩ፤ እኔ አልለካሁም ነበር፤ ሄጄ ቀየርኩ።

ነጎድጓድ ከተሰማ ደግሞ የትኛውም ጃኬት ጉዳይ አይደለም፤ ወደ ዳርቻ። ሐይቅ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ሰው ነው፤ የዘመኑ የካርቦን ዘንግም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ ሠላሳ ደቂቃ ሳይሞላ አይመለሱም። አባቴ ይህን ለልጄ እንደ ጨዋታ አስተምሮታል። መብረቁን ሲያይ መቁጠር ይጀምራል፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አሁን ቤታችን ውስጥም ይቆጥራል።

ምን ገዛሁ? ለአባቴ ፖሊዩሪቴን የተቀባ ወፍራም ናይለን ጃኬት፣ ጀርባው ላይና ብብቱ ሥር መተንፈሻ ያለው፣ ስፌቱ ሁሉ የተለጠፈ፣ ብርቱካናማ። ሱሪው ላስቲክ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ከአምናው ጃኬት በ2,000 ብር በለጡ። በሙያዬ ልማድ ሒሳቡን በጉዞ አካፈልኩት። በዓመት ሰባ ጊዜ ያህል ለሚወጣ ሰው አምስት ዓመት ቢያገለግለው በአንድ ጉዞ ከ25 ብር በታች ነው። የአምናው ጃኬት የረባ ዝናብ ላይ የወጣው አንድ ጊዜ ነበር፤ የዚያ ጉዞ ሒሳብ ከነሐኪም ቤቱ ስንት እንደሆነ አባቴ እስከዛሬ አልነገረኝም። ለልጄ ግን ውድ ነገር አልገዛሁም። በዓመት ውስጥ ቁመቱ ያልፈዋል። በሙቀት የተበየደ ትንሽ የላስቲክ ጃኬት፣ ደረቱ ክፍት የሚሆን፤ ልጅ ሲሞቀው ራሱ ይከፍተዋል።

ለፋሲካ ሐዋሳ ስንሄድ ይዤለት ሄድኩ። አባዬ አመስግኖ ተቀበለኝና መነጽሩን አድርጎ ስፌቱን ከውስጥ አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ልጄን ጠርቶ ሁለቱም መታጠቢያ ቤት ገቡ። በሩ ተዘጋ፤ ሻወሩ ተከፈተ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይተው ወጡ። አባቴ ሸሚዙን ከሥር በእጁ እየዳበሰ ‹‹አንገቱ ላይ ትንሽ ገብቷል፤ እሱም እኔ ኮፍያውን ሳላጠብቅ ነው›› አለኝ። ልጄ ደግሞ የገዛሁለትን አዲስ ጃኬት ሶፋው ላይ ጥሎታል። የለበሰው ቢጫዋን ካፖርት ነው። አባቴ እጅጌዋንና ጫፏን በመቀስ አሳጥሮ፣ አንገቷ ላይ በማይለቅ ቀለም የልጁን ስም ጽፎ፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት አዘጋጅቶለት ኖሯል።